ሁለት ጣት

አርባ ዓመት ጉልበቴን ለከተማ ሸጥኩት፣
ጡብ ከጡብ እያጋባሁ ዙትፈንን አነጠፍኩት።
ሌላው ለጸሎት ብቻ ሲንበረከክ እሑድ፣
እኔ ከሰኞ ጀምሬ፣ በዝናብ በብርድ፣
ከጎማ ትራስ በላይ፣ ከአሸዋ ምንጣፍ፣
መዶሻዬን ጨብጬ ከጎዳናው አፋፍ።
ጡረታዬ ሲደርስ ደመወዝ መጣልኝ፤
ጉልበቴን ግን ማነው የሚመልስልኝ?

ደረጃ ስወርድ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል፤
ግራው ሌሊት ሲያማርር ቀኙ ይቀበለዋል።

ሐኪሟ ፎቶግራፉን ከመብራት ላይ ሰቅላ
"መገጣጠሚያህ" አለች፣ በእርሳስ ጫፍ ነጥላ፣
"ይኸውልህ ሌንደርት፣ እዚህ ጋ ሳስቷል፤
አጥንትህ ካጥንትህ ሊናከስ ቀርቧል።"

ሳቄ አመለጠኝ።
መገጣጠሚያ ለኔ? ለጡብ አንጣፊ?
ጡብ ጡብን እንዳይነክስ፣ ከባድ ቢሆን አላፊ፣
የጥፍር ያህል ክፍተት ትቼ በመሀሉ
የወንዝ አሸዋ ያጎረስኩ፣ ሁሌም እንደ ውሉ!
"አሸዋዬ ታጠበ በይኛ!" አልኳት።
"ታጥቦስ አላለቀም" አለች፣ ነገሩ ደስ አላት፣
"ግን ቆሞ የዋለ ጉልበት ዘይቱ ይደርቃል፤
ሸክም ሳታበዛ አዙረው፣ ይርሳል።
ብስክሌትህ የት ነው?"

ከጓሮ፣ ከአካፋው ኋላ ጎትቼ አወጣሁት፤
ዝገቱን በጨርቅ፣ ሸረሪቱን በትንፋሽ አባረርኩት።
ሦስት ቀን ነዳሁ። በአራተኛው አነከስኩ፤
"ያቺ ሐኪም ገደለችኝ" እያልኩ ተነጫነጭኩ፣
ፌምከ ዘንድ ደረስኩ።

ፌምከ ብስክሌት ጠጋኟ፣ ሱቋ ከድልድዩ ማዶ፣
ሰንሰለት ከግድግዳው፣ ጎማ ከጣራው ወርዶ።
ጉልበቴን አላየችም። ኮርቻዬን አየችው።
"ይህን ያህል ዝቅ አድርጎ ማነው ያስቀመጠው?"
"እኔ ነኝ። ስቆም እግሬ መሬት እንዲነካ።"
"የገዛኸው ታዲያ ለመቆም ነው ለካ!"
ብሎኑን ፈታ አድርጋ ሁለት ጣት ከፍ አረገችው፤
ጎማውንም ይዛ ጥቂት አስተነፈሰችው፤
"ድንጋይ በድንጋይ ሲሄድ ወገብ ነው የሚከፍለው።
ማርሹን አቅልለው። ፔዳሉን አትግፋው፤
ሲዞር ዝም ብለህ አጅበው።
ታች ሲደርስ እግርህ፣ ጥቂት ብቻ ይታጠፍ፤
ከዚያ በላይ አይዘርጋ፣ ከዚያ በታች አይተጣጠፍ።"

ሁለት ጣት!
ለሌላ ሰው ምኑም አይደል። እኔ ግን ፈራሁ።
ዕድሜዬን በሙሉ ከመሬት ጋር ነኝ ያለሁ፤
የማውቀው የሰው ጫማ፣ የውሻ አፍንጫ፣
የጋሪ እግር፣ የቦይ ውሃ ማምለጫ።
መስኮት አላውቅም ነበር። የመስኮት አበባ፣
ከመጋረጃው ኋላ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣
በዚያች ሁለት ጣት ላይ ተቀምጬ አየሁ።
ጉልበቴም ዝም አለ። ዝምታውን እንኳ ዘግይቼ ሰማሁ።

ኮርቻው ግን ያወራል። በቆዳ ፋቂዎች ጎዳና
እያንዳንዱ ጡብ ከታች እየነገረኝ ዜና፦
ይህ የሰኞ ሥራ ነው፣ ይህ የዓርብ ጥድፊያ፤
ይህ ሊስቤት የተወለደች ዕለት፣ ያለ ገመድ፣ ያለ መለኪያ።
ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ግን ጓ! አደረገኝ፤
ያቺ ጉብታ ናት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲጠይቀኝ
"የዛፍ ሥር ነው" እል ነበር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፤
ዛፉ ከተቆረጠም በኋላ፣ ያንኑ ሰበብ ስቤ።
ውርጭ የያዘው አሸዋ ነበር። ችኮላ ነበር።
ማንም አላወቀብኝ፣ ከኮርቻዬ በቀር።

ትናንት አንድ ልጅ አየሁ፣ ኦርሁን የሚሉት፣
ባዶ ጉልበቱን ተንበርክኮ፣ ጡቦቹ ከበውት።
ልወርድ ስል ለካ እግሬ መሬት አይደርስም!
የመብራት ግንድ አቅፌ ቆምኩ፣ እንደ ሰካራም።
"ትራስ አድርግ" አልኩት፣ "ጉልበትህን ሽጠው እንጂ አትስጠው።"
ቀና ብሎ አየኝ። ምናልባት ሳቁን ነው የዋጠው።

ግንዱን ለቀቅኩ። ማርሹን ቀነስኩ።
በዳቦ ቤቱ በኩል፣ በጉብታዬ በኩል ተመለስኩ።